ቅጠል የማይረግፍበት መፀው

በየዓመቱ የአደይ አበባው ግርግር ካለፈ በኋላ፣ በወዳጆቼ የግጥም ደብተሮች ውስጥ አንድ ቅጠል መርገፍ ይጀምራል። ቢጫ ነው፤ አንዳንዴም ይቀላል። በዝግታ ይወርዳል፤ በመንገደኛው ትከሻ ላይ ያርፋል፤ የፍቅርን ማለቅ ወይም የዕድሜን መግፋት ነግሮን ይሞታል። ስንኙ ሲያምር አደንቃለሁ። ነገር ግን ቀና ብዬ በመስኮት ስመለከት የማየው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ በጥቅምትም በሰኔም ያው አረንጓዴ ነው። ለመሆኑ ይህ ቅጠል ከየት መጣ? የረገፈውስ ከማን ዛፍ ላይ ነው?

ጥያቄውን የማነሣው ገጣምያንን ለመውቀስ አይደለም። ቀን ቀን በባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ፣ ማታ ማታ ስንኝ የምቆጥር፣ ሁለት ትንንሽ ልጆችንም የማሳድግ ሰው ነኝ፤ ጥያቄው የመጣብኝ ከቤቴ ነው። ትልቋ ልጄ አንደኛ ክፍል ገብታለች። «መፀው ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ የምሰጣት መልስ ከደጃፏ ከምታየው ጋር መስማማት አለበት። ካልተስማማ ከሁለት አንዱን ትጠራጠራለች፤ ወይ ዓይኗን፣ ወይ ቋንቋዋን። ዓይኗን እንደማትጠራጠር አውቃለሁ። የምፈራው ለቋንቋዋ ነው።

በአበው አቆጣጠር ዓመቱ አራት ወቅት አለው። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል፤ በጋ ይከተለዋል፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 ጀምሮ እስከ ሰኔ 25 ይቆያል፤ ከዚያ ክረምት ይገባል። ይህ ግን በወረቀት ላይ ያለው ነው። በአፍ ስንመጣ ነገሩ ይደበላለቃል። አንዱ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ «ጸደይ» ይለዋል፤ አበባው የሚፈነዳው ያን ጊዜ ነውና አይፈረድበትም። ሌላው «ጥቢ» ይለዋል። ገበሬው «መኸር» ይላል፤ እርሱን የሚያሳስበው ማሳው ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ደግሞ ዓመቱን በሦስት ብቻ ከፍለው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን በሙሉ «በጋ» ብለው ይጠሩታል። አንድ ወቅት ይህን ያህል ስም ሲኖረው የቋንቋ ሀብት ነው ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን ስሙ በዝቶ ሥዕሉ ሲጠፋ፣ ክፍት የቀረውን ቦታ የሚሞላው የተዋሰነው ሥዕል ነው፤ ያ ቢጫ ቅጠል።

ቅጠሉ በሀገሩ እውነት ነው። ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ አገሮች ቀኑ በብዙ ሰዓት ያጥራል፤ ብርዱ ይበረታል፤ ዛፉም ለከባዱ ክረምት ሲዘጋጅ ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ይፈርሳል። ከሥሩ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ያን ጊዜ ይታያል፤ ቀጥሎም ቅጠሉ ይወድቃል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት። የታኅሣሥ ቀኗ ከሰኔ ቀኗ የሚያጥረው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ቅጠል የሚያረግፍ ዛፍ ቢኖር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያረግፈው ውኃ ሲያጥረው፣ በደረቁ ወራት ነው። የእኛ መፀው የሚያፈራ እንጂ የሚያረግፍ ወቅት አይደለም። ዝናቡ ቆሟል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ጤፉ ከአረንጓዴነት ወደ ወርቃማነት እየዞረ ነው፤ የደጋው ባቄላ እሸት ከተማ ገብቷል።

በነገራችን ላይ ይህን ያህል የምንቀዳው የፈረንጅ መፀው ራሱ ሁልጊዜ የሚያለቅስ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ኪትስ በ1819 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር ወር የጻፈው ዝነኛ የመፀው ግጥም ውስጥ የሚረግፍ ቅጠል የለም። ያለው ፍሬ ነው፤ ንብ ነው፤ የታጨደ ማሳ ነው፤ ለመሄድ የሚሰባሰቡ ወፎች ናቸው። ሰውየው ያየውን ጻፈ። እኛ ከእርሱ ልንዋስ የሚገባን ቅጠሉን ሳይሆን ዓይኑን ነበር።

እንግዲህ አሳቤን ልግለጥ። የእኛን መፀው ለማየት የተሻለው ቦታ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። ሥነ ጽሑፋችን ይህን ወቅት ያጣው ሰማዩን ባለማየቱ ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም ባለማየቱ ነው። አዋቂ ሰው ወቅትን በቀን መቁጠሪያ ያውቃል። ሕፃን የሚያውቀው በቆዳው ነው።

ጥቅምት ሲገባ በቤታችን ምን እንደሚሆን ልዘርዝር። ውኃው ከቧንቧ ሲወርድ ይናከሳል፤ ፊት መታጠብ ድርድር ይሆናል። እናታቸው ሁለቱንም ይዛ ፊታቸውን ቫዝሊን ስትቀባ፣ በጠዋት ፀሐይ እንደ ታጠበ ቲማቲም ያብረቀርቃሉ። ትንሹ ሦስት ዓመቱ ነው። በረንዳ ላይ ወጥቶ ትንፋሹ ሲተን ባየ ጊዜ «አባዬ፣ አፌ እየጨሰ ነው!» ብሎ ጮኸ። እሳቱ የት እንዳለ ለማየት አፉን እንድከፍትለትም ለመነኝ። ሌሊቱ ለምን እንደሚቀዘቅዝ እኔ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ደመናው ስለተገፈፈ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት የለም። የእርሱ ማብራሪያ ግን ከእኔው ይበልጣል፤ ብርዱ ውጪ፣ እሳቱ ውስጥ ነው።

የጥቅምትን ጠባይ ከአንድ የተማሪ ሹራብ በላይ የሚያስረዳም የለም። ጠዋት እስከ አንገት ድረስ ተቆልፎ ይወጣል፤ ቀትር ላይ በወገብ ላይ ይታሰራል፤ ማታ ደግሞ ትምህርት ቤት ተረስቶ ያድራል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አበው የብርዱን መድኃኒት በምግብ ፈለጉ፤ የዛሬ እናቶች ሁለተኛ ሹራብ ይገዛሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የባቄላ እሸት ይፈለፈላል። ሥራው ለአዋቂ አሰልቺ ነው፤ ለልጅ ግን በዓል ነው። የፍሬዋን ስስ ቆዳ ገፍፈው በጣታቸው ጫፍ ላይ እንደ ቆብ ያጠልቋታል፤ ዐሥር ጣት ዐሥር ሰው ይሆናል፤ ሰዎቹም ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይጋባሉ። ታኅሣሥ ሲመጣ ደግሞ የሽምብራ እሸት ከነግንዱ በእቅፍ ይገባና ምንጣፉ ሁሉ ቅርፊት ይሆናል። ጠራጊው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ወቅቱ መለወጡን ከማንም ቀድሜ አውቃለሁ።

ትልቋ በበኩሏ ፊደል ላይ ናት። የሀገራችን ትምህርት በመስከረም ስለሚከፈት፣ እኛ ሁላችን ማንበብ የጀመርነው በመፀው ነው፤ ይህን ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። ልጄ በታክሲ መስኮት የሱቅ ስም ትለቅማለች፤ የምታውቀውን ፊደል ባየች ቁጥር ጣቷን ቀስራ የተሳፋሪውን ሁሉ ዓይን ትስባለች። አንድ ነገር አስተዋልኩ። «መ» በፊደል ገበታ ላይ አራተኛ ረድፍ ናት፤ በመስከረም ትታወቃለች። «ፀ» ግን ከመጨረሻዎቹ አንዷ ናት። ልጄ ረድፍ በረድፍ ቆጥራ እዚያ እስክትደርስ መፀው ራሱ ያልቃል። የወቅቱን ስም ለመጻፍ ወቅቱ ማለፍ አለበት ማለት ነው። የእኛ የአዋቂዎችም ነገር ከዚህ የተለየ አይመስለኝም፤ የልጆቻችንን ዕድሜ በፊደል የምናሰፍረው ካለፈ በኋላ ነው።

ኅዳር 12 ቀን ማታ ሰፈሩ ይታጠናል። ዛሬ ዛሬ ጭሱ የከተማውን አየር እንደሚበክል ስለሚነገር እንደ ድሮው አይደለም፤ ሆኖም በየጥጋጥጉ የሚጨስ አይጠፋም። «ለምን ያጨሳሉ?» ትለኛለች። እኔም በ1911 ዓ.ም. ስለገባው፣ በዚህ አገር «የኅዳር በሽታ» ስለተባለው፣ በዓለም ላይ ብዙ ሚሊዮን ሰው ስለፈጀው ኢንፍሉዌንዛ እነግራታለሁ፤ ቆሻሻ ማቃጠሉ ከዚያ መዓት ጋር ተያይዞ እንደሚነገርም እጨምራለሁ። ዝም ብላ ሰምታ «ያኔ ልጆች ነበሩ?» አለችኝ። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የሆነ ታሪክ በአንድ ጥያቄ ቤታችን ገባ። የታሪክ መጻሕፍት የሞቱትን ይቆጥራሉ፤ ልጅ ግን ልጆቹን ትፈልጋለች።

«ይህ ሁሉ የቤት ወሬ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ ግን ቁም ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህ የምሰጠው መልስ አዲስ አይደለም፤ ከአባቶች የተወረሰ ነው። የመፀው ታላቁ የግጥም ሥራችን ማን ነው? በአባ ጽጌ ድንግል ስም የሚታወቀው ማኅሌተ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ፣ በየሰንበቱ ሌሊት በግእዝ ይዜማል፤ እያንዳንዱ አንቀጽ አምስት ቤት መምቻ አለው። ታዲያ ያ ሁሉ አበባ፣ ያ ሁሉ ዜማ የሚዞረው በማን ዙሪያ ነው? ሕፃን ልጇን ታቅፋ በምትሰደድ አንዲት እናት ዙሪያ ነው። ወቅቱ የሚታሰበው ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ በወረደችው እናት ድካም ነው፤ በኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ይፈጸማል። የሃይማኖቱን ምሥጢር ለሊቃውንቱ ልተውና እንደ አንድ የግጥም ወዳጅ ብቻ ልናገር። የጥንቱ ባለ ቅኔ አበባውን ሲያይ ሕፃኑን አየ። ልጅ መታቀፍን፣ ማጥባትን፣ በመንገድ መድከምን ከግጥም በታች አላደረገም። አናቱ ላይ አስቀመጠው እንጂ።

ከጽሑፉም በፊት እሹሩሩ ነበረ። የማንኛችንም የመጀመሪያ ግጥም እርሱ ነው፤ ደራሲዋም እናት ናት። ስሟ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ አልወጣም፤ ስለዚህም «ሥነ ጽሑፍ» አላልነውም። ወንዶች ገጣምያን ይህን ዓለም ለሴቶች ትተን ስለ ሀገርና ስለ ሞት ስንጽፍ ኖርን። ቤቱን የተውነው የሚጻፍ ነገር ስለሌለው ይመስለን ነበር። እውነቱ ግን ብዙዎቻችን እዚያ አለመገኘታችን ነው፤ ገና ሳይነቁ የወጣ፣ ከተኙ በኋላ የገባ አባት ስለ ምን ይጽፋል?

የዓለም ሥነ ጽሑፍም ይመሰክራል። ጃፓናዊው ኮባያሺ ኢሳ፣ ኪትስ ያንን ግጥም በጻፈበት በዚያው በ1819 እ.ኤ.አ.፣ ዓመት ያለፋትን ሴት ልጁን በፈንጣጣ አጣ። የዚያን ዓመት ኑሮውን ባሰፈረበት «የእኔ ጸደይ» በተባለው ማስታወሻው የሕፃኗን ሣቅና ጨዋታ አንድ በአንድ ጽፎታል። ዛሬ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በዚያ መጽሐፍ ፊት የምናለቅሰው ስለ ሞት በጥልቀት ስለተፈላሰፈ አይደለም። ልጅቱ እንዴት ትጫወት እንደነበር ስላየ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። «አገር በእሳት ላይ ሆና ስለ ሕፃን ሹራብ ትጽፋለህን?» የሚለው ነው። ይህን ቀላል አድርጌ አላልፈውም። በትግራይ ጦርነቱ የተነሣው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ነው፤ የመኸር ወቅት ነበር፤ በዚያ ዓመት የበረሃ አንበጣ ሰብሉን ቀድሞ ጎድቶት ነበር። እሳቱ ወደ አማራና ወደ አፋር ክልሎችም ተዛመተ። በፕሪቶሪያ ስምምነቱ የተፈረመውም በጥቅምት ነው፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.። ከዚያም ወዲህ በሌሎች አካባቢዎች የጥይት ድምፅ ተሰምቷል። ስለዚህ መፀው ለብዙ ሕፃናት የባቄላ እሸት ወቅት ብቻ አልነበረም።

ነገር ግን እጠይቃለሁ፤ ከቤቱ የተፈናቀለ ቤተሰብ ያጣው ምንድን ነው? «ሰላም» የሚባለውን ትልቅ ቃል ብቻ አይደለም። ያጣው ጠዋት ልጅን ከጋቢ ውስጥ አባብሎ ማስነሣትን ነው። የደብተር መሸፈኛ መፈለግን፣ ማታ በአንድ ትሪ ዙሪያ መሰብሰብን፣ የተረሳ ሹራብ ላይ መቆጣትን ነው። ጦርነት በመጀመሪያ የሚወስደው እነዚህን ነው፤ ሰላም ሲመጣም በመጀመሪያ የሚመልሰው እነዚህን ነው። ሰላም ምን እንደሚመስል የማይጽፍ ሥነ ጽሑፍ፣ ጦርነት ያጠፋውን በምን ይለካዋል? እኔ በሙያዬ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ መነሻው ያልተመዘገበ ሒሳብ ጉድለቱ አይታወቅም።

ይህን ስል ከእኛ ዘንድ ቅጠል የሚባል ነገር አይጻፍ ማለቴ አይደለም። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ለሚያድግ የእኛ ልጅ ቅጠሉ እውነት ነው፤ በጫማው ይረግጠዋል፣ በኪሱ ይዞ ይገባል። አባቱ ወይም እናቱ በአማርኛ ቢጽፉለት ቋንቋችን በእውነተኛ ቅጠል ይበለጽጋል። የምለው አንድ ነው፤ ያየነውን እንጻፍ። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የሚያድገው ልጅ ደግሞ የራሱ መፀው አለው፤ እርሱንም ካልጻፍንለት፣ የሚያየውን ወቅት ስም አልባ፣ የሚሰማውን ስም ሥዕል አልባ አድርገን እናወርሰዋለን።

ለመምህራንና የልጆች መጽሐፍ ለሚያዘጋጁ አንድ ልመና አለኝ፤ «መፀው» ከሚለው ቃል አጠገብ ወርቃማ ጤፍ፣ የተፈለፈለ ባቄላ፣ ትንፋሹ የሚተን ተማሪ ሣሉ። ለወላጆች ደግሞ፣ በተለይ እንደ እኔ አባት ለሆኑት፣ ሌላ ልመና አለኝ። በዚህ ወቅት ልጃችሁ ከተናገረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር መርጣችሁ ከነቀኗ ጻፉ። ገጣሚ መሆን አያስፈልግም። «ጥቅምት 14፣ አፌ እየጨሰ ነው አለ» ማለት ይበቃል። ገጣምያን ወዳጆቼን ደግሞ ቅጠሉን ለአንድ ዓመት እንዲያሳርፉት እለምናለሁ፤ ብዙ ደክሟል።

እኔም ምክር ብቻ እንዳይሆንብኝ የዘንድሮዬን ስድስት ስንኝ ከዚህ በታች አኖራለሁ። ውድ አንባቢያን፣ መፀዋችሁ የእሸት፣ ቤታችሁም የሣቅ ይሁን።

ጠዋት ከነጠላ፣ ማታ ከጋቢ ሥር፣
ብርዱን ስናባብል፣ ፊደል ስናስቆጥር፣
«ሀ» ብላ ጀምራ፣ «ሆ» ላይ ስትደርስ ልጄ፣
ጥቅምት አለፈብኝ፣ ተቀምጦ ከደጄ።
አደዩ ረግፏል፣ ሜዳው ገርጥቷል አሉኝ፤
እኔ ግን ቤቴ ውስጥ፣ ሁለት አበቦች አሉኝ።